ሠላሳ ስድስት ደስተኛ ቤተሰቦች

ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አቶ በኃይሉ ሱሪያቸውን በክንዳቸው ላይ አንጥፈው፣ በቁምጣ ቆመው የካውያ ወረፋ ይጠብቁ ነበር። ካውያውን የያዘችው ልጃቸው ሐዳሳ ናት። ነጭ ሸሚዟን ዘርግታ አንገትጌውን ትተኩሳለች፣ ትገለብጣለች፣ እንደገና ትተኩሳለች። መብራት ሳይጠፋ መጨረስ ስላለባቸው ሁለቱም ዓይናቸው አምፖሉ ላይ ነው፤ እርስ በርስ ግን አይተያዩም። ጽጌ፣ የአንዱ ሚስት የሌላዋ እናት፣ የመኝታ ቤቱን መቃን ተደግፋ ሁለቱንም ታያለች። ቤታቸው ከመናኸሪያው ጀርባ ስለሆነ የረዳቶቹ የ«ዲላ! ዲላ! ይርጋለም!» ጩኸት በመስኮት ገብቶ ዝምታቸውን ይሞላላቸዋል።

«እንዲህ የሚተኮስለት ነገር ምንድን ነው?» አለች ጽጌ።

ሐዳሳ የጓደኛዋ ቤት ሽማግሌ ስለሚመጣ ልታግዝ እንደምትሄድ ተናገረች። በረቡዕ ቀን ሽማግሌ የሚልክ ቤተሰብ አለ ወይ ስትባል፣ አንዳንዱ ይልካል አለች። ጽጌ ፊቷን ወደ ባሏ አዞረች። አቶ በኃይሉ ለቅሶ ነው አሉ። የማን? የድሮ ባልደረባ አባት። ስማቸው ማን ነበር? አቶ በኃይሉ በሥራ ዘመናቸው የስንት ሺህ ሰው ስም ጠይቀው ጽፈዋል፤ አሁን ለአንድ ሟች የሚሆን ስም ከአፋቸው አልወጣ አለ። «ሰውየው እንኳ… በዕድሜ የገፉ ናቸው» አሉ በመጨረሻ። ጽጌ ባሏ አንገት ላይ የተንጠለጠለውን ቀይ ክራባት አይታ፣ ለቅሶ የሚደረስበት ክራባት ይሄ ከሆነ ሟቹ በጣም የተጠሉ ሰው መሆን አለባቸው አለች። ክራባቱ ወለቀ።

አቶ በኃይሉ የደበቁት ስለፈሩ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ለጥናት የሚሆን መረጃ ሲሰበስቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቦርሳ አንግበው፣ መጠይቅ ይዘው፣ ከቤት ቤት እየዞሩ ስንት ልጅ አላችሁ፣ ስንት በግ አላችሁ፣ ውሃ ከየት ትቀዳላችሁ እያሉ። አሁን ወረቀቱ ቀርቶ ሁሉም ነገር በታብሌት ሆኗል፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ የሚጠራቸው ጠፍቷል። ባለፈው ጥቅምት አንድ የሚያውቁት አስተባባሪ ደውሎ ዕድሜያቸውን ጠየቃቸውና፣ ስልኩን የዘጋ መስሎት አጠገቡ ላለ ሰው «እኚህማ ኤክስፓየር አድርገዋል» ሲል በጆሯቸው ሰሙት። እንደ መድኃኒት። ለማንም አልተናገሩም፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ጥርሳቸውን ሲቦርሹ፣ ቀኑ የት ላይ እንደታተመ የሚፈልጉ ይመስል ግንባራቸውን በመስታወት ትኩር ብለው ያያሉ።

ስለዚህ ከወር በፊት በዩኒቨርሲቲው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «አንድ የጥናት ረዳት፣ በኮዲንግና በዳታ አናሊሲስ በቂ ልምድ ያለው» የሚለውን ሲያነቡ ልባቸው ዘለለች። ኮዲንግ! እሳቸው በሚያውቁት ዓለም ኮዲንግ ማለት የተሞላው መጠይቅ ከገጠር ሲመለስ ጠረጴዛ ላይ ከምሮ መልሱን ሁሉ ወደ ቁጥር መለወጥ ነው። አዎ ከሆነ አንድ፣ የለም ከሆነ ሁለት፣ አላውቅም ከሆነ ዘጠና ዘጠኝ። በዚህ ሥራ የሚደርስባቸው አልነበረም፤ በእንቅልፍ ልባቸው ሳይቀር ኮድ ሲያደርጉ ጽጌ ሰምታቸዋለች። ዛሬ ኮዲንግ የሚባለው ኮምፒውተርን በራሱ ቋንቋ ማዘዝ መሆኑን የነገራቸው ሰው የለም። ፒያሳ ካለ ጽሕፈት ቤት ገብተው ሲቪያቸውን አስጻፉ፤ ልጅቷ ምን ልጻፍ ስትላቸው «ኮዲንግ፣ ሃያ ሰባት ዓመት» አሉና በደማቁ እንድታደርገው አዘዟት። በሁለት ሳምንታቸው ለፈተና ተጠሩ።

ፈተናው የሚጀምረው ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። አቶ በኃይሉ በባጃጅ ሃያ ብር ከፍለው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሱ፤ ፎቅ ወጥተው ኮምፒውተር የተደረደረበት ክፍል ገቡ። ከበሩ አጠገብ ጂንስና ስኒከር ያደረገ ወጣት ቆሟል። የሚቀመጡበት ወንበር አንዱ እግሩ የላላ ስለነበር ልጁን «እስቲ የኔ ልጅ፣ ደህና ወንበር ፈልግልኝ» አሉት። ልጁ በትሕትና ከሌላ ክፍል ወንበር ተሸክሞ አመጣላቸው፤ አመስግነው ተቀመጡ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ልጁ ወደ ፊት ሄዶ እጁን አራገፈና፣ ዶክተር እዮኤል እባላለሁ፣ ፈታኛችሁ ነኝ አለ።

አቶ በኃይሉ ከዚህ ድንጋጤ ሳይወጡ በሩ ተከፈተና የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ገባ። የአባትና የልጅ ዓይን ተገጣጠመ። ሐዳሳ ወደ ኋላ ተመለሰች፤ በሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አነበበች፤ እንደገና ገባች። የቀረው ባዶ ወንበር ከአባቷ ፊት ለፊት ያለው ብቻ ነበር።

«እንደምን አደሩ» አለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንደምን አደሩ» አሉ። በቤታቸው እንዲህ ተከባብረው አያውቁም።

ዶክተር እዮኤል ስም ሲጠራ «ሐዳሳ በኃይሉ» አለና አቤት ተባለ፤ ዝቅ ብሎ «በኃይሉ ዳንጊሶ» ሲል ደግሞ ከፊት ለፊቷ አቤት ተባለ። ደስ አለው። «የአባትሽ ሞክሼ አጠገብሽ አሉልሽ!» አላት። ሐዳሳ ገጠመኝ ነው አለች። አቶ በኃይሉ ወደ ጣሪያው አዩ።

ከዚያ ዶክተሩ ስለ ሥራው አስረዳ፤ ስለ ሥራው ሲያወራ ፊቱ እንደ ሙሽራ ይበራል። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ድርጅት በገጠር ቀበሌዎች የቤተሰብ ኑሮ ጥናት አድርጎ መረጃውን ለእነሱ ሰጥቷል። በዚያ መረጃ ውስጥ ቦራሬ የምትባል አንዲት የዳገት ላይ ቀበሌ አለች። በዙሪያዋ ያሉት ቀበሌዎች በችግር ሲማቅቁ፣ እዚያ የተጠየቁት ሠላሳ ስድስት ቤተሰቦች በሙሉ ጠግበው ያድራሉ፣ ልጆቻቸው አይታመሙም፣ ሴት ልጆቻቸው ሁሉ ይማራሉ። ለምን? እሱ ራሱ በሁለት ጉባኤ ላይ ጽሑፍ አቅርቦበታል፤ ስሙንም «የቦራሬ ተአምር» ብሎታል። አሁን ተአምሩን የሚመረምር የሁለት ዓመት ፕሮጀክት ተፈቅዷል፤ የሚቀጠረው ሰው ሥራ ይኸው ነው። መረጃው ኮምፒውተራችሁ ላይ ነው፤ የምታውቁትን አሳዩኝ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል አላችሁ።

ክፍሉ ዝናብ እንደመታው የቆርቆሮ ቤት በጣቶች ማንኳኳት ተሞላ። የአቶ በኃይሉ ኮምፒውተር ጥቁር መስኮት ከፍቶ አንዲት ነጭ መስመር ብልጭ ድርግም ታደርጋለች፤ የሆነ ነገር እንዲሏት የምትጠብቅ ትመስላለች፤ ግን ምን እንደሚሏት አላወቁም። ጎናቸው የተቀመጠው ልጅ አዝኖላቸው መረጃውን በሠንጠረዥ ከፈተላቸውና ቁልቁል እንዴት እንደሚሄድ አሳያቸው። ያኔ ነፍሳቸው ተመለሰች። አንድ፣ ሁለት፣ ዘጠና ዘጠኝ፤ የድሮ ወዳጆቻቸው ሁሉ በሰልፍ ቆመዋል። መነጽራቸውን አድርገው አንዱን ቤት ከአንዱ ቤት እያስተያዩ፣ እንደ ድሯቸው ዘና ብለው ማንበብ ጀመሩ። ማን ውሃ ከየት እንደሚቀዳ፣ የማን በግ እንደሞተ እያነበቡ፣ ቀደም ሲል የሰሙት የቦራሬ ስም እየከነከናቸው፣ እዚያው ቀበሌ ደረሱ።

በግራ በኩል ያለው ዓምድ የመረጃ ሰብሳቢውን ቁጥር ይዟል። አሥራ አራት። አሥራ አራት። አሥራ አራት። ሠላሳ ስድስት ጊዜ። ቀኑ ሐምሌ አሥር፣ ቅዳሜ። የመጀመሪያው ቤት ሁለት ሰዓት ላይ ተጀምሮ ከአሥር ደቂቃ በኋላ አለቀ፤ ሁለተኛው እዚያው ላይ ቀጠለ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ስምንት ሰዓት ላይ ተዘጋ። የአቶ በኃይሉ ጆሮ ጋለ። አሥራ አራት ቁጥር እሳቸው ናቸው።

ምሳ ሰዓት ደረሰና አባትና ልጅ ሳይነጋገሩ ተከታትለው ወጥተው፣ ሳይነጋገሩ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። የግቢው ላውንጅ በተማሪ ተሞልቷል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ድምፁ ተዘግቶ ኳስ ያሳያል። ሽሮ መቶ ሠላሳ፣ ፓስታ መቶ ሃምሳ። አንድ ሽሮ ለሁለት ብለው አዘዙ። አቶ በኃይሉ የጨው ዕቃውን ወደ በርበሬው ገፋ አደረጉት፤ ሐዳሳ በርበሬውን ወደ ጨው መለሰችው።

«ለቅሶው እንዴት ነበር?» አለች።

«ደህና ነው። ሽማግሌዎቹስ መጡ?»

«ገና ናቸው።»

ሽሮው መጣና ጥቂት እንደበሉ ሐዳሳ ራሷ ተናገረች። አሥራ ዘጠኝ ቦታ አመልክታለች። ባመለከተች ቁጥር ቤቱ በሙሉ ይጸልያል፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ይሰማል፤ ስትወድቅ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው ተራ በተራ መጥቶ ያጽናናታል። ከመውደቁ ይልቅ መጽናናቱ ሰለቻት። ሐይቅ ዳር ካለው ሆቴል ካሸርነቷ ዛሬን ፈረቃ ቀይራ ነው የመጣችው፤ ብትወድቅ ብቻዋን ልትወድቅ ነበር ሐሳቧ። «አንተስ?» አለቻቸው። እሳቸው ስለ ኤክስፓየሩ አልተናገሩም። ኮዲንግ እችላለሁ አሏት። ሐዳሳ በእጇ የያዘችውን ጉርሻ ሳትጎርስ አባቷን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው፤ ከዚያ በጣም በዝግታ፣ እንደማይጎዳ አድርጋ፣ የዛሬው ኮዲንግ ምን ማለት እንደሆነ አስረዳቻቸው። ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ያሉት ተማሪዎች ለጎል ጮኹ። አቶ በኃይሉ «አሃ» አሉ።

«ግን እኮ መረጃ ማንበብ ከማናችንም በላይ ትችላለህ» አለች ቶሎ ብላ፤ ዓይኗም በራ። «አየኸው አይደል? ያን ሌባ? አሥራ አራት ቁጥርን?»

አቶ በኃይሉ ሽሮው ትን አላቸው። ውሃ አቀበለቻቸውና ቀጠለች። ተአምር የሚባል ነገር የለም አለች። ሠላሳ ስድስት ቤት፣ እያንዳንዱ አሥር ደቂቃ፣ በመሃል መሄጃ እንኳ የለም፤ ዳገት ላይ ከቤት ቤት በርሮ ነው? አንድ የታመመ ሰው የለም፤ ላም የሌለው የለም፤ ጓሮ አትክልት የሌለው የለም። አንድ አባወራ እንኳ አላውቅም አላለም። ሰውየው የሆነ ቦታ ዘና ብሎ ተቀምጦ ፈልስፎ ነው የሞላው። «ደግሞ ቀኑን አየኸው? ሐምሌ አሥር! እኔ የተመረቅሁበት ቀን እኮ ነው፤ አንተና እማዬ እዚያ ፀሐይ ላይ ተቀምጣችሁ ስትንገበገቡልኝ፣ ይሄ ምናምንቴ ይሄን ይሠራል። ለፈታኞቹ እነግራቸዋለሁ።»

«ቢቀርስ?» አሉ አቶ በኃይሉ።

«ለምን ይቀራል?»

ነገሩን ከየትኛውም ጫፍ ቢይዙት ያቃጥላል። ዝም ቢሉ ልጃቸው ከተቀጠረች ሁለት ዓመት ሙሉ ዳገት እየወጣች የሌሉ ሰዎችን ልትፈልግ ነው። ቢናገሩ ተአምሩ ይፈርሳል፣ ፕሮጀክቱ ይዘጋል፣ ሥራው ራሱ ይጠፋል፤ ሥራው የተፈጠረው በእሳቸው እስክሪብቶ ነውና። ሒሳቡን ከፍለው ወጡ፤ ልጃቸው የሰጠቻቸውን ሰባ ብር ሳይቀበሉ ቀሩ።

ስምንት ሰዓት ላይ ቃለ መጠይቁ በስም ቅደም ተከተል ተጀመረ። ሐዳሳ ገብታ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ወጣች፤ ከንፈሯ ገርጥቷል። «ነገርኳቸው» አለች። «እንደወደቅሁ እወቅ። በሩ ጋ ካለው ግራር ሥር እጠብቅሃለሁ።» አቶ በኃይሉ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጡ። የቢሮው የላይኛው መስኮት ስለማይዘጋ ውስጥ የሚባለው ሁሉ ይሰማል።

«ሁለት ጉባኤ ያለፈ ጽሑፍ በአንድ ጠዋት ውሸት ነው ትለኛለች!» ይላል ዶክተር እዮኤል። «ትዕቢተኛ ናት። ከእንደዚህ ዓይነቷ ጋር መሥራት አይቻልም።»

«ጥሩ ነው የሠራችው ግን» አለች አንዲት ሴት። የማዕከሉ ኃላፊ ዶክተር ማርያማዊት ናት።

«ማስረጃ አላት? ሰውየውን አግኝታዋለች? እኔ ሰርዣታለሁ።»

እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ሲጫር ተሰማ፤ ወይም ለአቶ በኃይሉ የተሰማቸው መሰላቸው። ከዚያ የዶክተር እዮኤል ድምፅ ተለወጠና በአክብሮት ዝቅ አለ። «ቀጣዩ እኚያ የሃያ ሰባት ዓመት ኮዲንግ ያላቸው ሰው ናቸው። አስቢው፤ እኔ ገና አንደኛ ክፍል ሳልገባ ኮድ ይጽፉ ነበር!»

አቶ በኃይሉ ገቡ። ዶክተር እዮኤል ከመቀመጫው ተነሥቶ ወንበር ሳበላቸው፤ ሁለተኛው ወንበር መሆኑ ነው። ዶክተር ማርያማዊት አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ጸጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች ሴት ናት፤ ፊቷ ምንም አይናገርም።

«በየትኛው ቋንቋ ነው ኮድ የሚያደርጉት?» አለ ዶክተር እዮኤል።

«በአማርኛ» አሉ አቶ በኃይሉ። «ሰውየው ሲዳምኛ ተናጋሪ ከሆነ በሲዳምኛ እጠይቅና በአማርኛ እሞላለሁ። ወላይትኛም እሞክራለሁ።»

ዶክተር እዮኤል ወደ ሲቪው አጎንብሶ፣ ቀና ብሎ፣ እንደገና አጎነበሰ። አቶ በኃይሉ ምሳ ላይ የተማሩትን ከራሳቸው አፍ ቢናገሩት እንደሚሻል አስበው፣ የእሳቸው ኮዲንግ የድሮው ኮዲንግ መሆኑን፣ ሊያታልሉ እንዳልመጡ፣ ማስታወቂያው ላይ ያለው ቃል የሚያውቁት ቃል ስለሆነ ብቻ እንደመጡ ተናገሩ። ዶክተር ማርያማዊት ሳቋን ለመቆጣጠር የታችኛውን ከንፈሯን ነከሰች። በጣም እናመሰግናለን አለች፤ በእርግጥም ያመሰገነች ትመስል ነበር። እዚያ ላይ ተነሥተው እጅ ነሥተው ቢወጡ ክብራቸው እንደተጠበቀ ነበር። ተነሡም። የበሩን እጀታ ያዙ። ከዚያ ለቀቁት።

«ያቺ ልጅ ልክ ናት» አሉ።

«የቷ ልጅ?»

«የሰረዛችኋት። አሥራ አራት ቁጥር የጻፈው ሁሉ ፈጠራ ነው። አሥራ አራት ቁጥር እኔ ነኝ።»

ቆመው ነው የተናገሩት፤ ተቀመጡ ቢባሉም እንቢ አሉ። ያን ሐምሌ የጥናቱ የመጨረሻ ቀን ቅዳሜ ነበር። ቦራሬ ለመድረስ ከመኪና ወርዶ ሁለት ሰዓት ዳገት መውጣት አለ። ልጃቸው የምትመረቀው በዚያው ቅዳሜ ነው። ተቆጣጣሪውን አንድ ቀን ለመኑት፤ ፎርሙ ቅዳሜ ማታ እጄ ላይ ካልገባ የሠራኸውን ሁሉ እጥለዋለሁ አላቸው። ስለዚህ ቦርሳቸውን ይዘው ወደ ምርቃቱ ሄዱ። ከሁለት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ንግግር፣ ሽልማት፣ እንደገና ንግግር፤ እሳቸው ወንበራቸው ላይ ሆነው ፎርሙን በጉልበታቸው ላይ አድርገው ሞሉ። ለእያንዳንዱ ቤት አሥር ደቂቃ መደቡ። በሚቀጥለው ሳምንት ወጥቼ በእውነተኛው እተካዋለሁ ብለው ነበር፤ ዝናቡ መንገዱን ቆረጠው፣ ፎርሙም ሄደ። ሃያ ሰባት ዓመት ሲሠሩ ሌላ እንዲህ ያለ ቀን የለባቸውም።

«ጓሮ አትክልቱስ?» አለ ዶክተር እዮኤል። «ስለ ጓሮ አትክልቱ ሙሉ ምዕራፍ ነው የጻፍኩት! የተአምሩ ሥር እሱ ነው ብያለሁ። ጓሮ አትክልት ከየት አመጡ?»

«ጥያቄው አለ እኮ» አሉ አቶ በኃይሉ። «ጓሮ አትክልት አላችሁ ወይ ይላል። ያን ዕለት የለም ብዬ ለመጻፍ እጄ እንቢ አለኝ። ልጄ በጥቁር ጋዋን ስታልፍ እያየሁ፣ በየቤቱ የታመመ ልጅ እንዴት ልጻፍ? ለአንዱ ላም ሰጥቼ ለሌላው ብከለክል አላስቻለኝም። ሁሉንም አበላኋቸው።»

ዶክተር ማርያማዊት የስም ዝርዝሩን ሳበችና ጣቷን ከአንዱ ስም ወደ ሌላው አወረደች። «ዶክተር እዮኤል እንዳለኝ የአባቷ ሞክሼ አይደሉማ።»

«አይደለሁም፤ አባቷ ነኝ። እሷ ግን አሥራ አራት ቁጥር እኔ መሆኔን አታውቅም። ሰውየውን ሌባ እያለችው ነው።»

ዶክተር ማርያማዊት ሳቀች። የሳቀችው ጮክ ብላ አይደለም፤ ግን አንዴ ካመለጣት በኋላ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን እስክትጠርግ አላቆመችም። ዶክተር እዮኤል አልሳቀም፤ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል፤ የልጅ ፊቱ በአንድ ጊዜ አረጀ። አቶ በኃይሉ ከሁሉ በላይ እሱ አሳዘናቸው። ሳቋ ሲያልቅ ዶክተር ማርያማዊት ቁም ነገሯን ተናገረች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስምንት ሰው ቦራሬ ልንልክ ነበር አለች፤ ለገንዘብ ሰጪዎቹ ዛሬውኑ እጽፋለሁ። ፕሮጀክቱ ከተረፈ ጥያቄው ይቀየራል፤ ቀበሌዎቹ ሁሉ እንደ አዲስ ይጠየቃሉ። ለዚያ ደግሞ ውሸት ስታይ ዝም የማትል ሰው ያስፈልገኛል። ከዚያ ዶክተር እዮኤልን ስሙን ጠርታ አየችው። እሱም እስክሪብቶውን አንሥቶ፣ የሰረዘውን ስም ከላይ በንጹሕ እንደገና ጻፈው። በትክክል መጻፉን ለማየትም ፊደሉን አንድ በአንድ ቆጠረ።

«እርስዎን ልቀጥርዎ አልችልም» አለቻቸው።

«አውቃለሁ።»

«የነገሩኝን ግን ጽፈው ይፈርሙልኝ።»

ጻፉ። የእጅ ጽሑፋቸው ድሮም የታወቀ ነው፤ አንድ ስርዝ ድልዝ የለውም። ፈርመው ሲያበቁ አንድ ነገር ለመኑ፤ ቀበሌዎቹ እንደገና ሲጠየቁ እነዚያን ሠላሳ ስድስት ቤቶች ያለ ክፍያ እሳቸው ይጨርሷቸው። ዶክተር ማርያማዊት፣ ማን የት እንደሚላክ የምትወስነው የጥናት ረዳቷ ናት፣ እሷን ይጠይቁ አለች።

ሐዳሳ ግራሩ ሥር ጫማዋን አውልቃ ተቀምጣለች። አቶ በኃይሉ አጠገቧ ቁጭ አሉና መጀመሪያ ሥራውን እንዳገኘች ነገሯት፤ ልጅቷ አፏን ይዛ ልትጮህ ስትል፣ ቆይ አሏትና የቀረውን ነገሯት። ሲጨርሱ ሐዳሳ መሬቱን ታያለች። ሁለት ተማሪዎች እየተጎሻሸሙ አለፉ። አንድ ባጃጅ መጥቶ ትሄዳላችሁ ብሎ ጠይቆ፣ መልስ አጥቶ ሄደ።

«የምርቃት ፎቶዎቼ ላይ በሙሉ አጎንብሰሃል» አለች። «በሁሉም። እያለቀስክ መስሎኝ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ለሰው አባቴ እንዴት እንዳለቀሰ ተመልከቱ እያልኩ ሳሳይ ነበር።»

«አልቅሻለሁም» አሉ አቶ በኃይሉ። «አሥራ ሰባተኛው ቤት ላይ። ስምሽ ሲጠራ።»

ሐዳሳ ጫማዋን አጠለቀች። ተናዳ ይሁን ልትስቅ፣ ከፊቷ መለየት አልቻሉም፤ እሷም የለየችው አይመስልም። ስለ ቦራሬ ሲለምኗት አስብበታለሁ አለች፤ እንደ አለቃ ነው ያለችው። ከዚያ ትከሻዋን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርጋ ጥቂት ቆየችና ተነሥተው ሄዱ።

ቤት ሲደርሱ ጽጌ በረንዳው ላይ ሽንኩርት ትልጣለች። ሁለቱን አብረው ስታይ ከሽማግሌውና ከለቅሶው ማን ማንን አገኘ አለች። ሐዳሳ ሥራ ማግኘቷን ስትነግራት ሽንኩርቱ ተበተነ፤ ጌታ ይመስገን፣ እልልታ፣ የጎረቤት አንገት በአጥር ላይ። ነገሩ በረድ ሲል ጽጌ ወደ ባሏ ዞራ፣ እሱስ እዚያ ምን ይሠራ ነበር ብላ ጠየቀች። ሐዳሳ ቀድማ መለሰች። አባዬም ተወዳድሮ ነበር አለች። በጣም ወደዱት። ልምዱን ሲሰሙ ተነሥተው ወንበር ሳቡለት። ኃላፊዋ እንዲህ ዓይነት ሰው አይቼ አላውቅም አለች። የዕድሜ ነገር ሆኖ እንጂ ይቀጥሩት ነበር። አቶ በኃይሉ ልጃቸው ያለማቋረጥ፣ ፊቷ ሳይለወጥ፣ እያንዳንዱን ባዶ ቦታ በደህና ነገር ስትሞላላቸው ቆመው ሰሙ። ጽጌ ፊቷ በርቷል። እዚያ ላይ ቢተዉት ማታው ያማረ ነበር።

«ጽጌ፣ ቁጭ በይ» አሉ።

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገሯት፤ ቦራሬን፣ ተቆጣጣሪውን፣ በጉልበታቸው ላይ ያለውን ፎርም፣ ላሞቹን። ጽጌ ቢላዋውን እንደያዘች ሰማች። ሐዳሳ የተበተነውን ሽንኩርት መልቀም ጀመረች።

«እኔኮ» አለች ጽጌ በመጨረሻ፣ «የክብር እንግዳውን ንግግር የምትጽፍ መስሎኝ፣ ግራና ቀኝ ላሉት ሴቶች ሁሉ ባሌ የተማረ ሰው ነው፣ አንዲት ቃል አታመልጠውም እያልኩ ስኮራብህ ነው የዋልኩት።»